ሩብ ፓይ ብቻ ለሚበሉት ለክቡር ዋና ዳይሬክተር

ይድረስ ለታሸጉ ምግቦች ገላጭ ጽሑፍ አጽዳቂ መሥሪያ ቤት ክቡር ዋና ዳይሬክተር፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ እጠይቃለሁ። ጥርስዎ እንደምን ሰንብቷል? የላይኛውም የታችኛውም፣ የፊቱም የመንጋጋውም በየቦታው አለ? ቀኝ እጅዎስ እንደ ልብ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል? ጎንዎን በሁለት እጅ ሳይደግፉ ማስነጠስ ይችላሉ? ይህን ሁሉ ከልቤ እመኝልዎታለሁ፤ እኔ በቅርቡ ከእነዚህ ጸጋዎች ጋር ስለተለያየሁ ዋጋቸውን ከማንም በላይ አውቃለሁና።

እኔ ከአውቶቡስ ማዞሪያው ፊት ለፊት አነስተኛ ሱቅ የነበረኝ ሰው ነኝ። የሠፈሩ ሰው ሚዛን ብሎ ይጠራኛል። ስሙን ያወጡልኝ ስኳሩንም ሩዙንም ስመዝን የሚዛኑ ምላስ ቀጥ ብሎ እስኪቆም ድረስ እቃውን ለማንም ስለማላስረክብ ነው፤ ተሰልፈው የሚጠብቁት ሰዎች ሲያወጡልኝ ለምስጋና ይሁን ለስድብ እስካሁን አላጣራሁም። ይህን ደብዳቤ የምናገረው እኔ ስሆን የምትጽፈው ግን ባለቤቴ ናት፤ ቀኝ እጄ ከጣቶቼ እስከ ክርኔ በጀሶ ተጠቅልሏል። ባለቤቴ ዕድሜዋን ሙሉ ልጆች ስታስተምር የኖረች ጡረተኛ መምህርት በመሆኗ በእጇ ስድብ አይጻፍም። ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ «ክቡር» የሚል ባዩ ቁጥር፣ እኔ በዚያ ቦታ ሌላ ቃል ተናግሬ እንደነበር፣ እርሷም ብዕሯን አንስታ ከመነጽሯ በላይ እንዳየችኝና የራሷን ቃል እንደጻፈች ይወቁልኝ። ይህንንም ዓረፍተ ነገር የጻፈችው በስንት ልመና ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከአንዲት የታሸገች የፍራፍሬ ፓይ ነው። ክቡርነትዎ ገላጭ ጽሑፏን መርምረው ማኅተም ያሳረፉባት ስለሆነ ያውቋታል፤ ለሌላው አንባቢ ግን ላስተዋውቃት። ከመዳፌ አትበልጥም። ስስ ሊጥ ነች፤ በሆዷ ቀይ ማርማላታ ተሞልቶ ጠርዟ ተጠቅጥቆ ተዘግቷል። በሚያብረቀርቅ ላስቲክ ታሽጋ፣ ላስቲኩ ላይ አንድ ሙሉ የፍራፍሬ ቅርጫት ተስሎባት፣ ከቅርጫቱ በላይ ደግሞ አውራ ጣት በሚያህል አረንጓዴ ፊደል «ስኳር 5 ግራም ብቻ» ተብሎ ተጽፎባት ትሸጣለች። ሕፃን ልጅ በሁለት ጉርሻ፣ የተራበ ሹፌር መሪውን ሳይለቅ በአንድ ጉርሻ የሚጨርሳት ነገር ነች።

ከሱቄ ማዶ አንዲት ልብስ ሰፊ ጎረቤት አለችኝ። ስኳር በሽታ ከያዛት ወዲህ ጣፋጭ ነገር በዓይኗ እንጂ በአፏ አልፎ አያውቅም። ማታ የስፌት መኪናዋን ከድና ለሳሙናም ለክርም ወደ እኔ ስትመጣ መደርደሪያው ላይ ያሉትን ፓዮች አየት አድርጋ ዞር ትል ነበር። አንድ ቀን ግን አልዞረችም። ይህቺ ነገር ለእኔ ትሆን ይሆን ብላ ጠየቀችኝ። እኔም መነጽሬን አድርጌ፣ ላስቲኩን ወደ መብራቱ አስጠግቼ፣ ፊትና ጀርባውን አገላብጬ አነበብኩላት፤ አምስት ግራም ብቻ ነው፣ ይህቺ አትጎዳሽም አልኳት። እርሷም «ሚዛን ካለ አለ ነው» አለችና ገዛች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራዋን ስትጨርስ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ አንዷን ፓይ በዝግታ፣ እየቆጠበች፣ መጨረሻ ላይ ላስቲኩን አራግፋ ፍርፋሪውን በጣቷ እየለቀመች ስትበላ ከሱቄ ሆኜ አያት ነበር። ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም። የደከማት ቀን ሁለት ትወስዳለች፤ እኔም ሁለቱ አሥር ግራም ነው፣ ምን አላት ብዬ በፈገግታ እሰጣታለሁ። እንዲህ እንዲህ እያለ ውኃ ጥም ያዛት፣ ዓይኗ መርፌ ማስገባት አቃተው፣ እግሯ ላይ መቀስ ወድቆ የቆረጣት ቁስል ሳይደርቅ ከረመ። በመጨረሻ ስትሰፋ ግንባሯን መኪናው ላይ ደፋ አድርጋ ራሷን ሳተች፤ እግሯ ከመርገጫው አልወረደም ነበር አሉ።

እንግዲህ አቤቱታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ፤ ቁጥር እንደሚወዱ ከገላጭ ጽሑፍዎ ተረድቻለሁ።

አንደኛ፦ ላስቲኩ ጀርባ ላይ ሁለቱ ጠርዞች ታጥፈው የሚጣበቁበት መስመር አለ። ከዚያ መስመር ሥር፣ ማጣበቂያው ውስጥ፣ የምስጥ እግር በሚያህል ፊደል እንዲህ ተብሎ ተጽፏል፦ «የተገለጸው መጠን ለአንድ ጊዜ ድርሻ ነው፤ አንድ ፓይ አራት ድርሻ ይይዛል።» ክቡር ሆይ፣ ይህን ለማንበብ ላስቲኩን መቅደድ ያስፈልጋል፤ የተቀደደ ላስቲክ ደግሞ አይመለስም፣ አይሸጥም። ማለትም ገዢው ሊያነበው የሚችለው ከገዛ በኋላ፣ ሻጩ ሊያነበው የሚችለው ከከሰረ በኋላ ነው። ለዚህ ጥበብ የተሞላበት አቀማመጥ ከልብ አመሰግናለሁ። ከመዳፌ የማትበልጠውን ፓይ በቢላዋ ለአራት ከፍሎ፣ ሩቧን ቀምሶ፣ ሦስቱን ሩብ ለነገና ለተነገ ወዲያ ጠቅልሎ የሚያስቀምጥ ሰው በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም፤ እርስዎ ግን እንዲህ ያለ ሰው መሆን አለብዎት። በልጅነትዎ ከረሜላም ለአራት ከፍለው ይመጥጡ የነበር ይሆናል።

ሁለተኛ፦ ስለ ድብደባዬ ማመስገን እወዳለሁ።

ልብስ ሰፊዋ አንድ ወንድ ልጅ አላት። በያጅ ነው፤ ከማዞሪያው ጀርባ በርና መስኮት ይሠራል። ቁመቱ ከባንኮኒዬ በታች ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ጋሼ እያለኝ ነው ያደገው። እናቱን ድንገተኛ ክፍል ባስገባበት ቀን ሐኪሟ ምን ስትበላ እንደሰነበተች ጠየቀችው። እርሱ አላወቀም። እናትየው ግን በሰመመን ውስጥ ሆና ፓይ አለች፤ ማን ሰጠሽ ቢሏት ሚዛን አለች። ሐኪሟ ከእናትየው ቦርሳ ውስጥ የተገኘውን አንድ ፓይ አንስታ፣ ላስቲኩን ቀድዳ፣ ከማጣበቂያው ሥር ያለውን ጽሑፍ እስክታነብ ድረስ ቢታገስ ኖሮ ምናልባት ያን ዕለት ወደ እርስዎ ቢሮ ይመጣ ነበር። አልታገሰም። ወደ ሱቄ መጣ፤ መንገዱ ላይ ሥራ ቦታው ጎራ ብሎ ክንድ የሚያህል ፌሮ ይዟል።

ፌሮውን መጀመሪያ ያሳረፈው የባንኮኒው መስታወት ላይ ነበር። መስታወቱ በፊቴ ፈነዳ። ሁለተኛው ሚዛኔ ላይ አረፈ፤ ሳህኑ በሮ ከጣሪያው ተጋጭቶ ትከሻዬ ላይ ወደቀ። ሦስተኛው ለአፌ ነበር። «ጋሼ፣ እናቴን ምን አበሏት?» አለኝ፤ እኔም አፌን ከፍቼ አምስት ግራም ብቻ ልለው ስሞክር አፌ ውስጥ የነበረው ነገር ሁሉ ልቅ ብሎ መዞር ጀመረ። ክቡር ሆይ፣ ልብ ይበሉልኝ፤ አበላሃት አላለኝም። ከመጀመሪያው ምት እስከ መጨረሻው ድረስ አንቱ እያለ ነው የደበደበኝ። እናቱ በሥርዓት ነው ያሳደገችው። ሰውን በአክብሮት ቃል አጥንቱን መስበር እንደሚቻል ያን ዕለት ገባኝ፤ ይህን ደብዳቤ በዚህ አኳኋን ለመጻፍም ድፍረት የሰጠኝ ያ ትምህርት ነው።

እኔም ብሆን እጄን አጣጥፌ አልጠበቅሁትም። የሁለት ኪሎውን የሚዛን ብረት አንስቼ ግንባሩ ላይ አሳረፍኩበት፤ ቅንድቡ ተተርትሮ ደሙ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ዓይኑ ስለተጋረደ ፌሮውን በዘፈቀደ ሲያወናጭፍ የዘይቱን ጄሪካን ቀደደው። ዘይቱ ወለሉን ሲሞላው ሁለታችንም አንሸራቶን ተቃቅፈን ወደቅን፤ ከመውደቃችን ጋር መደርደሪያው ከነፓዩ ወረደብን። ከሥሩ ሆነን ጆሮውን ነከስኩት። ከወለቁት ጥርሶቼ አንዱ የተገኘው ወለሉ ላይ ሳይሆን በእርሱ ጆሮ ውስጥ ተሰክቶ ነው፤ ፖሊስ ማስረጃ ብሎ ወስዶታል። ከዚያ ቀኝ እጄን ከመደርደሪያው ብረትና ከወለሉ መካከል አስገብቶ በጉልበቱ ተጫነው፤ ድምፁን እስካሁን እሰማዋለሁ፤ ደረቅ እንጨት ሲሰበር አይነት ነበር። ጎኔን የሰበረው ፌሮው ይሁን መደርደሪያው ሐኪሞቹም አላወቁም።

የአውቶቡስ ረዳቶች ለግልግል ገቡ። አንደኛው ገላጋይ አንሸራቶት በክርኑ የሌላውን ገላጋይ አፍንጫ መታው፤ ያኛውም ሆን ብሎ ነው ብሎ በቡጢ መለሰለት፤ በመጨረሻ ከእኛ ከተጣላነው ይልቅ ሊያስታርቁ የመጡት በብዛት ቆሰሉ። ድንገተኛ ክፍል ስደርስ ሸሚዜ ከአንገት እስከ ወገብ ቀይ ሆኖ ነበርና ነርሷ የቱ ደም፣ የቱ ማርማላታ እንደሆነ መለየት አቅቷት ሁሉንም በእርጥብ ጨርቅ ታብሰው ጀመር። ደሙ ለቀቀላት። ማርማላታው ግን አልለቀቀም፤ ሸሚዙ ሦስት ጊዜ ታጥቦ ዛሬም እንደ ቀላ ነው።

ይህ ወደ ሦስተኛው አቤቱታዬ ያደርሰኛል። ላስቲኩ ላይ የተሳለው ቅርጫት ውስጥ ፖምና ወይን፣ ኮክና እንጆሪ፣ ስሙን የማላውቀው ቅጠል ያለው ፍሬም አለ። ባለቤቴና እኔ አንዱን ፓይ ነጭ ሳህን ላይ አድርገን፣ ሆዱን በማንኪያ ከፍተን፣ ከዳር እስከ ዳር ፈተሽነው። ፍሬ አላገኘንም። ልጣጭም፣ ዘርም፣ ከፍሬ ጋር ዝምድና ያለው ጭረትም የለም። ያገኘነው ስታርች፣ ስብና ያ ሸሚዜ ላይ የቀረው ቀለም ነው። ላስቲኩ ጀርባ «የፍራፍሬ ይዘት፦ እንደ ወቅቱ» ይላል። እባክዎ ወቅቱ መቼ እንደሆነ ቢያሳውቁን እንጠብቃለን። አንድ ነገር ግን ሳልመሰክርልዎ አላልፍም፤ በአሁኑ ሰዓት፣ በዚህ በተረፈኝ አፍ፣ ሳላኝክ ልውጠው የምችለው ብቸኛ የሱቄ ሸቀጥ ይኸው ፓይ ነው። ጥርስ ያወለቀብኝ ምግብ ጥርስ አይፈልግም፤ እንዲህ ያለ ርኅራኄ ከአንድ መሥሪያ ቤት አልጠበቅሁም ነበር።

አራተኛ፦ ከሆስፒታል በወጣሁ ማግስት ባለሙያዎችዎ ሱቄን ሊያሽጉ መጡ። እኔም በባለቤቴ ትከሻ ተደግፌ ቆሜ አየሁ። ነጭ ጋዎን የለበሱ ሁለት ጨዋ ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ከወደቀው መደርደሪያ ሥር ሳይጨፈለቁ ከተረፉት ፓዮች ለምርመራ የሚሆን ናሙና ወሰደ። ሁለተኛው ደግሞ ለራሱ አንድ አነሳ። ላስቲኩን በጥርሱ ቀደደ፤ የእርሱ ጥርስ ሙሉ ነው። ከዚያም እዚያው ደጃፌ ላይ ቆሞ፣ ስለ ሕገወጥ የጤና ምክር እየገሠጸኝ፣ ፓይዋን በሦስት ጉርሻ ጨረሳት። ቢላዋ አልጠየቀም። ለአራት አልከፈለም። ሩቡን ለእኔ፣ ሩቡን ለባለቤቴ፣ ሩቡን ለባልደረባው አላለም። ጣቱን ላሰና ማሸጊያውን ወረቀት በዚያው ጣቱ በሬ ላይ ለጠፈው። ክቡርነትዎ መጥተው ቢያዩት በመሥሪያ ቤትዎ ማኅተም ላይ ቀይ የጣት አሻራ ያገኛሉ፤ ዝናብ ቢዘንብበትም አልለቀቀም።

አምስተኛ፦ ቅሬታዬን ሳቀርብ ስለላኩልኝ ምላሽ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ገላጭ ጽሑፉ ደንቡን ሙሉ በሙሉ የሚያሟላ መሆኑን፣ ተጠቃሚው የአንድ ጊዜ ድርሻን የማገናዘብ ኃላፊነት እንዳለበት፣ ጥፋተኛው ያለ ሥልጣኑ የጤና ምክር የሰጠው ቸርቻሪ መሆኑን በሚያምር ቋንቋ ገልጸውልኛል። ባለቤቴ የሰዋስው ስህተት አላገኘችበትም። አገናዝቤያለሁ፤ ለአራት እንኳ ተከፍዬ አገናዝቤያለሁ።

በዚህ ቦታ ላይ አንድ ሙሉ አንቀጽ ተናግሬ ነበር፤ ባለቤቴ አልጻፈችውም። አንቀጹ ውስጥ ክቡርነትዎ፣ ማኅተምዎና የሱቄ የብረት መዝጊያ ነበሩበት፤ ማኅተሙ የት እንደሚገባ፣ መዝጊያው በምን ላይ እንደሚዘጋ ተብራርቶ ነበር። ብዕሯን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ እስክረጋጋ ድረስ ጠበቀችኝ። ተረጋግቻለሁ።

ስድስተኛውና የመጨረሻው ልመና እንጂ አቤቱታ አይደለም። በያጁ በመጪው ሰኞ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ክሱ ከባድ የአካል ጉዳት ማድረስ ነው፤ ዓመታት የሚያስቀጣ ነው አሉ። እርሱ ከገባ እናቱን ከአልጋ የሚያነሳት፣ መድኃኒት የሚያመላልስላት፣ የሚያበላት ሰው የለም። ዋናው ምስክር ደግሞ እኔ ነኝ። ዐቃቤ ሕጉ ቤቴ ድረስ መጥቶ ስንት ጊዜ መታህ ብሎ ጠይቆኛል። እኔም መልሼ በአንድ ጊዜ ድርሻ ነው ወይስ በጠቅላላው ብዬ ጠየቅሁት። አልገባውም። ወጣት ነው፣ የእርስዎን መሥሪያ ቤት ሥራ አያውቅም።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ሰኞ ዕለት ችሎት እንዲገኙልኝ እማጸናለሁ። ፓይዋን ለአራት ያካፈለልዎትን ባለሙያ ይዘው ይምጡና ድብደባዬን ለአራት ያካፍሉልኝ። የወለቁት ጥርሶቼ አራት ናቸው፤ በእርስዎ አከፋፈል በአንድ ድርሻ አንድ ጥርስ ብቻ ይደርሰኛል፤ አንድ ጥርስ ደግሞ ማንም ሰው አጥንት ሲቆረጥም በራሱ ጊዜ ሊወልቅለት ይችላል። የተሰበረው ጎኔ ሩቡ ሲወሰድ ውጋት ነው። የእጄ ስብራት ሩቡ ወለምታ ነው፤ ታሽቶ ይድናል። ፌሮውም ለአራት ቢቆረጥ እርሳስ ያህል አይሞላም። እንዲህ ተሰልቶ ሲቀርብ ከባድ የአካል ጉዳት የተባለው ነገር ትከሻን መታ መታ አድርጎ ሰላም እንደማለት ይሆናል፤ ዳኛውም ልጁን ገሥጸው ወደ እናቱ ይለቁታል። ፊት ለፊት በትልቁ አረንጓዴ ፊደል «ጉዳት፦ ቀላል» ተብሎ ይጻፍልኝ። ቀሪውን ከክሱ ወረቀት ማጣበቂያ ሥር ያድርጉት። አምስት ግራም ብቻ ተብሎ አንዲትን ሴት ሊገድላት የደረሰ ነገር በዚህ ሒሳብ ደንብ ካሟላ፣ እኔ የተመታሁትም ሊያሟላ ይገባል።

በያጁን ይቅር ብዬዋለሁ እንዳይመስልዎ። አላልኩትም። እስር ቤት ሆኖ የላስቲኩ ነገር በተነገረው ዕለት ግንባሩን ከግድግዳ ጋር እያላተመ የተሰፋለትን ቅንድቡን እንደገና ከፈተው፤ ጋሼን ይቅርታ በሉልኝ ብሎ ልኮብኛልም። ይቅርታውን ሰምቻለሁ፤ ግን ጥርስ ስላልሆነ አላኝክበትም። ሌሊት ጎኔ ሲወጋኝ ያንን ፌሮ እኔው ይዤ እርሱ ሥሬ ተኝቶ አየዋለሁ፤ ደስም ይለኛል። ይህንንም ባለቤቴ እየተሳቀቀች ጽፋዋለች። ነገር ግን ሰኞ ዕለት የተከሳሽ ሳጥን ውስጥ ቆሞ ሳየው የማስበው አንድ ነገር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ልብስ ሰፊዋ ያመነችው እኔን ነው፣ እኔ ያመንኩት ደግሞ እርስዎን ነው። ያ ምት ከእርስዎ ጠረጴዛ ተነስቶ በእርሷ እግር፣ በእርሱ ክንድ አልፎ በእኔ አፍ ላይ እስኪያርፍ ድረስ በመንገዱ ላይ ያልተጎዳ ሰው አንድ ብቻ ነው። እርሱም ክቡርነትዎ ነዎት። ተናድጃለሁ፤ ይህን ቃል ባለቤቴ ስላልሰረዘችው አመሰግናታለሁ።

መምጣት ካልተመቸዎት ሰው ይላኩ። ሰው መላክ ካልተመቸዎት አንድ ፓይ፣ አንድ ቢላዋና አንድ ወረቀት ይላኩ፤ ወረቀቱ ላይ «እኔ የምበላው ሩቡን ነው» ብለው ይፈርሙበት፤ ዳኛው ፊት አነበዋለሁ። የተረፈዎትን ሦስት ሩብ ለሚወዱት ሰው ይስጡ። ቤትዎ ውስጥ ስኳር ያለበት ሰው ካለ ግን አይስጡት፤ ይህን የምልዎ ያለ ሥልጣኔ ነው።

ለክቡርነትዎ ረዥም ዕድሜ፣ ጤና፣ የማይነቃነቅ መንጋጋና የሚጨበጥ እጅ እየተመኘሁ፣ በቀሩኝ ጥርሶች ሁሉ ፈገግ ብዬ፣ በግራ እጄ ጣት ፈርሜ፣ በታሸገው ሱቄ ደጃፍ ሆኜ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ፤

ሚዛን፣
የቀድሞ ባለሱቅ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህን የምጽፈው እኔ ባለቤቱ ነኝ። ደብዳቤውን ፖስታ ውስጥ ከትቼ ሳላሽገው ልብስ ሰፊዋን ልጠይቅ ሆስፒታል ሄጄ ነበር። እግሯን ከጉልበቷ በታች ቆርጠውታል፤ መኪናዋን የምትረግጥበትን እግር ነው። ለአራት አላካፈሉትም። አጠገቧ የሆስፒታሉ ምሳ ተቀምጧል፤ ከጠዋት ጀምሮ አልነካችውም አሉኝ። ለምን አትበዪም ብዬ ብጠይቃት እጄን ይዛ፣ «ሚዛንን ጠይቂልኝ፤ ይህንን ብበላ ይጎዳኛል?» አለችኝ። ቤት ተመልሼ ለባለቤቴ ነገርኩት። ከተጋባን ጀምሮ የሚናገረው ሲያጣ ሳየው ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ስለዚህ የቀረችውን እኔ እላለሁ። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ «ክቡር» በተጻፈበት ቦታ ሁሉ ባለቤቴ የተናገረው ቃል አንድ ነው፤ ሳስተምር ከተማሪ አፍ ስሰማው ከክፍል አስወጣበት የነበረ ቃል ነው። ያን ቃል መሰረዜ ስህተት ነበር፤ የተማሪ ደብተር ሳርም እንደኖርኩ የራሴንም አርማለሁ። እባክዎ ደብዳቤውን ከላይ ጀምረው እንደገና ያንብቡት፤ «ክቡር» ባሉበት ሁሉ ያንን ቃል ይተኩበት። የትኛው እንደሆነ አይጠፋዎትም። ሙሉውን ነው እንጂ ሩቡን አይደለም።